ቀባሪ አያሳጣን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። እኔና ማይኩ ብቻ ነን። ወሬው የቀብር ወሬ ነው። ቀኑ አይደለም ያላችሁ ወደ ሌላ ክፍል እለፉ፣ አልቀየምም።

እዚህ ቨርጂኒያ አብሮኝ የሚሠራ አንድ አሜሪካዊ አለ። በቅርቡ አባቱ ሞቱበት። አባትየው የቬትናም ዘማች ነበሩ። ቀብሩ ኳንቲኮ ብሔራዊ መካነ መቃብር ነው ሲለኝ ሄድኩ። እኛ መቼም ለቅሶ አያመልጠን። የቤተሰቡ ሰው ግን በጣም ጥቂት ነበር። አንድ ሚኒባስ አይሞላም።

ከአስከሬኑ መኪና ፊትና ኋላ ግን ሞተረኞች ነበሩ። ትልልቅ ሀርሊዎች፣ ከኋላቸው ባንዲራ የተተከለባቸው። የአብዛኞቹ ነጂዎች ፂም ሸብቷል። የቆዳ ሰደርያቸው ላይ የተሰፋው ምልክት ብዛት ቆዳውን ሸፍኖታል። ከሞተር ወረዱና ግራና ቀኝ ባንዲራ ይዘው ተሰለፉ። አንዱ ሽማግሌ ጉልበቱን በማሰሪያ አስሯል። አንዲት ሴትዮ ታጣፊ ወንበር አምጥታ ከኋላው አኖረችለት። ዞር ብሎም አላየው። ሬሳ ሳጥኑ ሲያልፍ እጁን ቀስ አድርጎ፣ በጣም ቀስ አድርጎ አንሥቶ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠ።

ጓደኛዬን በኋላ ጠየቅኩት። «አባትህ ሞተር ይነዱ ነበር እንዴ?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«ታዲያ ከየት ያውቋቸዋል?»

«አያውቋቸውም።»

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የያዘኝ።

እነዚህ ሰዎች ፓትሪየት ጋርድ ራይደርስ ይባላሉ። የተጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2005 ካንሳስ ውስጥ ነው። ያኔ ልጆች ከኢራቅ በሳጥን እየተመለሱ ነበር። እዚያው ካንሳስ፣ ቶፒካ ከተማ ውስጥ ዌስትቦሮ የምትባል አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። አባሎቿ በየወታደሩ ቀብር ደጃፍ እየቆሙ «ለሞቱት ወታደሮች አምላክ ይመስገን» የሚል ጽሑፍ ያነሡ ነበር። አገሪቱ ግብረ ሰዶምን ስለታገሠች እግዚአብሔር እየቀጣት ነው ባዮች ናቸው። እስቲ አስቡት። ልጇን የምትቀብር እናት ቀና ስትል ያንን ታነባለች።

ሞተረኞቹ ታዲያ አልተደባደቡም። መካከል ገብተው ባንዲራቸውን ዘርግተው ጋረዱ። ሰልፈኞቹ ሲጮኹ ሞተራቸውን አስነሥተው ጩኸቱን አፈኑት። በቃ።

አንድ አባት ሜሪላንድ ውስጥ በልጁ ቀብር ላይ ለደረሰበት ነገር ቤተ ክርስቲያኗን ከሶ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ፍርድ ቤቱ 8 ለ1 በሆነ ድምፅ ለሰልፈኞቹ ፈረደ። የመናገር መብት ነው ተባለ። በሕግ በኩል ፍርዱ ልክ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ከሞተረኞቹ ጋር ነኝ። ሕግ ሊከልል ያልቻለውን እነሱ በገላቸው ከለሉ።

ዛሬ ተቃዋሚ ባይመጣም እነሱ ይመጣሉ። ቤተሰብ ካልጠራቸው አይሄዱም፣ ይሄ ደንባቸው ነው። ቤንዚኑ ከኪሳቸው ነው። ብዙዎቹ ራሳቸው የቬትናም ዘማቾች ናቸው። እነሱ ሲመለሱ እንኳን ደህና መጣህ ያላቸው ሰው እምብዛም ነበር። ከእነሱ በኋላ የመጣው ልጅ ያንን እንዳያይ ነው የሚለፉት።

ይሄን ስሰማ የእኛዎቹ የኮሪያ ዘማቾች ትዝ አሉኝ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ከ6,000 በላይ ሰው በቃኘው ሻለቃዎች ሄዶ ተዋግቷል። ደርግ ሲመጣ ከኮሚኒስት ጋር መዋጋት የሚወራ ገድል አልነበረምና ስማቸውን የሚያነሣ ጠፋ። አዲስ አበባ ውስጥ አፍንጮ በር አካባቢ መታሰቢያቸው አለ። ስንቶቻችን ገብተን አይተነዋል?

ወደ ኳንቲኮ ልመለስ። በነዚህ ብሔራዊ መካነ መቃብሮች ሥርዓቱ ጉድጓዱ አጠገብ አይደለም የሚካሄደው። ለዚሁ የተሠራ ጣሪያ ያለው መጠለያ አለ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ ቀጣዩ ወረፋውን ይጠብቃል። በሕጉ መሠረት ቤተሰብ ከጠየቀ ቢያንስ 2 ወታደሮች መጥተው ባንዲራውን ያጥፋሉ፣ ጡሩምባ ይሰማል። ይሰማል ነው ያልኩት። ነፊ ስለማይበቃ አንዳንዴ ጡሩምባው ውስጥ ድምፅ የሚያጫውት ትንሽ መሣሪያ ይሰካል፤ ወታደሩ አፉ ላይ አድርጎ ይቆማል። ቀብሩ ላይ የነበረው የትኛው እንደሆነ አላጣራሁም። ጓደኛዬ እያለቀሰ ነበርና ይሄ ምኑ ይጠየቃል።

ለቅሶውም ድምፅ የለው። የእኛ ሰው ቢሆን ደረት ይመታ ነበር። እዚያ ሁሉም መነጽሩን አድርጎ ከንፈሩን ይነክሳል። ሲጨርሱ ሞተሮቹ ባንድ ላይ ሲነሡ ግን መሬቱ ጫማዬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ሙሾ አውራጇ መጣች አልኩ በልቤ።

አሁን ስለ እድር ላውራ። እድርን የሚያማ ሰው አልወድም፣ እዚህም አባል ነኝ። ግን እድር ስም ዝርዝር አለው፣ የቀረ ይቀጣል። ዛሬ ለሰው ካልደረስክ ነገ ማን ይደርስልሃል ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ አገር ያቆመ ነገር ነው። ሞተረኞቹን ግን የሚቀጣቸው የለም። የቆሙለት ሰውዬም ተነሥቶ ብድራቸውን አይመልስ።

ደግሞ ሌላ አለ። አሜሪካ ውስጥ በየአስከሬን ቤቱ መደርደሪያ ላይ ለዓመታት ጠያቂ ያጣ የሰው አመድ ይገኛል። ሚሲንግ ኢን አሜሪካ የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ፕሮጀክት እያንዳንዱን ስም ከጦር ሠራዊት መዝገብ ጋር ያመሳክራል። ዘማች ሆኖ ሲገኝ በክብር ያስቀብሩታል፣ ሞተረኞች ያጅቡታል። ዘመድ ስለሌለ የታጠፈውን ባንዲራ የሚቀበል ሰው የለም። አንዳንዴ በቦታው የተገኘው ሰው ሁሉ ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበለዋል።

እናቴ ስትመርቀኝ «ቀባሪ አያሳጣህ» ትለኛለች። ልጅ ሆኜ ያስቀኝ ነበር። እዚህ አገር ለብዙ ዓመት ብቻውን የሚኖር ሰው ሲሰማው አያስቀውም። ሁላችንም ጎፈንድሚ በሚባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ላይ የሟቹ ፎቶ ከወጣ በኋላ ነው አይደል ስሙን የምናውቀው?

አባል ለመሆን ሞተር ያስፈልጋል ወይ ብዬ አንዱን ሞተረኛ ጠየቅኩት። «በመኪናህ ና» አለኝ። «ባንዲራ እኛ እንሰጥሃለን።»

እስቲ እናንተ ንገሩኝ። ያላችሁበት ከተማ እድር፣ አባል ያልሆነ፣ ዘመድ የሌለው አበሻ ሲሞት ምን ያደርጋል? የምር ነው የምጠይቀው። በድምፅ ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው ክፍል አሰማዋለሁ።