ኢየሉጣ ፈራች

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው ከቤቴ ነው፣ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን። ከኋላዬ የሚሰማችሁ ድምፅ የቬንቲሌተር ነው፤ በዚህ ሙቀት ማጥፋት አልቻልኩም።

ሐምሌ 19 እየደረሰ ነው። ድሬ ላይ ይሄን ለማወቅ ካሌንደር ማየት አያስፈልግም፤ ሰው ሲገናኝ ሰላምታው ራሱ «ዘንድሮ ቁልቢ ትወጫለሽ?» ይሆናል። ከዚህ 60 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። የደንገጎን ጠመዝማዛ እየወጣችሁ የድሬ ወበቅ ከታች ይቀራል፣ ከዚያ ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ ይቀበላችኋል። በእግሩ የሚወጣ አለ፣ ጥላ ይዞ የሚመጣ አለ፣ በስለት ያገኘውን ልጅ ክርስትና ሊያስነሳ አዝሎ የሚመጣ አለ። እኔም ስለት አድርሻለሁ።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለብዙ ዓመት «ገብርኤል» ብቻ ነበር የምለው። የታኅሣሡ 19 አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ከእሳት የዳኑበት ነው። የሐምሌው ደግሞ የአንዲት እናትና የሦስት ዓመት ልጇ ነው፤ የኢየሉጣና የቂርቆስ። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ሰምቼው ግን አልሰማሁትም ነበር።

ዘመኑ የዲዮቅልጥያኖስ ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ303 ገደማ በክርስቲያኖች ላይ ስደት ያወጀው የሮም ንጉሥ። ኢየሉጣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ልጇን ይዛ ሸሸች፣ የደረሰችው ጠርሴስ ነው፣ የቅዱስ ጳውሎስ አገር። እዚያም አልቀረላትም፣ መኮንኑ እለእስክንድሮስ ፊት አቀረቧት።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሁሉም እኩል አይተርከውም። በግሪኮችና በላቲኖች ትረካ መኮንኑ ሕፃኑን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ሊያባብለው ሲሞክር ልጁ እኔም ክርስቲያን ነኝ ብሎ ይታገለዋል፣ መኮንኑም ተናዶ ደረጃው ላይ ይወረውረዋል፣ እናቱ ግን አታለቅስም፣ ልጄ አክሊሉን ቀድሞኝ ወሰደ ብላ ታመሰግናለች። ይሄን ሳነብ ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። እንደዚያች እናት መሆን አልችልም።

የእኛ ትረካ ሌላ ነው። ትልቅ ጋን ውስጥ ውሃ ይፈላል፣ ፍላቱ እንደ ነጎድጓድ ይሰማል። ኢየሉጣ ድምፁን ስትሰማ ትፈራለች። በቃ፣ ፈራች። ያን ጊዜ የሚያጽናናት ማን ነው? ልጇ ነው! አይዞሽ እናቴ ይላታል፣ ሠለስቱ ደቂቅን፣ እነ አናንያን፣ ያዳነ አምላክ እኛንም ያድነናል ይላታል፣ ልቧ እንዲጸና ይጸልይላታል። አብረው ይገባሉ። ገብርኤል ይወርዳል፣ ውሃው ይቀዘቅዛል።

አባቶች ይሄን ፍርሃት ሊደብቁት ይችሉ ነበር። ቅድስት ናት፣ ማን ይጠይቃቸዋል? አልደበቁትም። እኔ ለዚህ ነው የምወዳቸው።

ነሐሴ 2011ን የድሬ ሰው አይረሳውም፣ ቺኩንጉንያ የገባበት ጊዜ ነው። ከየቤቱ አንድ ሁለት ሰው ተኝቶ ነበር፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ሊጠይቅ የማይችልበት፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ይዞት ሰው ከአልጋ እስከ በር መራመድ ያቃተው። ልጄ ሦስት ዓመቱ ነበር። ያዘው። ሐኪም ቤት ይዤው ሄድኩ፤ ሰልፉ እስከ ግቢው በር ነው፣ ስንገባም ትኩሳት ማብረጃ ሰጥተው፣ ፈሳሽ አጠጪው ብለው መለሱን። መድኃኒት የለውማ። ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር፣ አሁን ግን ይገባኛል።

ሌሊቱን ጨርቅ እያረጠብኩ ግንባሩ ላይ አደርጋለሁ። ይግላል። የሚፈላ ነገር አቅፌ የተቀመጥኩ ነው የመሰለኝ። እያለቀስኩ ነበር፣ ድምፄን ዋጥ አድርጌ። ዓይኑን ገለጠና «እማ አታልቅሺ፣ አላመመኝም» አለኝ። እያመመው! ያን ሌሊት ነው ጥላ የተሳልኩት።

ዳነ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጥላውንም አደረስኩ። ያቺ ቃል ግን ውስጤ እንደ እሾህ ቀረች። እናት ነኝ፣ እኔ ነበርኩ እሱን ማጽናናት የነበረብኝ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለባለቤቴም ጭምር።

አምና ሐምሌ ቁልቢ ቆሜ፣ ካፊያው ነጠላዬን አርሶት፣ ሰባኪው ያንኑ የማውቀውን ታሪክ ያስተምራል። «ኢየሉጣ ፈራች» ሲል እግሬ ከዳኝ። ተቀመጥኩ፣ ጭቃው ላይ። አጠገቤ የነበሩ እናት ያመመኝ መስሏቸው ውሃ ሰጡኝ። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር የማለቅሰው። ያን ሁሉ ዓመት ያፈርኩበትን ነገር እሷም ታውቀዋለች ማለት ነው። ፈርታም፣ በልጇ ተጽናንታም፣ ቅድስት ናት።

የዕረፍታቸው በዓል ጥር 15 ነው። ጥምቀት ባለፈ በአራተኛው ቀን ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያስበው ያልፋል። እኔም አልፌዋለሁ። ዘንድሮ ግን ቤት ውስጥ ዳቦ ደፍቼ ዘከርኩ፣ ልጄም ራሱ ቆረሰው።

እንግዲህ ለሐምሌው ሌሊት 10 ሰዓት እንነሳለን ብለናል። ልጄ ከደንገጎ በእግር ካልሄድን ብሎ እየተከራከረኝ ነው። ጧፍ ገዝቻለሁ፣ እንደ ድሮው ለገብርኤል። አንድ ደግሞ ጨምሬያለሁ፣ ለኢየሉጣ።

በሉ፣ ቁልቢ የምትወጡ በሰላም ያድርሳችሁ። ጋቢ እንዳትረሱ አቦ፣ ብርዱ አይቻልም።