የእድራችንን ድንኳን ሸራ ስለ መለወጥ
በደሴ ለእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ ወንድሞችና እህቶች፤ አሰላሙ ዓለይኩም፣ እንደምን ዋላችሁ።

የግዢ ኮሚቴው የድንኳናችንን ሸራ ጉዳይ አጥንቶ እንዲያቀርብ ባለፈው ጉባኤ በሰጣችሁን ኃላፊነት መሠረት፣ የደረስንበትን የውሳኔ ሐሳብ ከነምክንያቱ ላስረዳ ቆሜአለሁ። ሐሳባችን ብረቱ ተጠግኖ ሸራው ብቻ እንዲለወጥ፣ አዲሱም ሸራ ፒቪሲ የተባለ የፕላስቲክ ዓይነት ከተቀባ የፖሊስተር ጨርቅ እንዲሠራ፣ ጣሪያውም እንደ ቀድሞው አንድ ወጥ መሆኑ ቀርቶ በሦስት ቁራጭ ተከፍሎ እንዲዘጋጅ ነው።

ሐዘን ሲደርስ ከድስቱም ከወንበሩም አስቀድሞ ከእቃ ቤት የሚወጣው ድንኳኑ ነው። በሰልስትም ሆነ በሰደቃ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ከሥሩ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ሐዘንተኛ ቤተሰብ በክረምት ዝናብ እያንጠባጠበበት፣ ለቀስተኛውም ወንበሩን ከወዲያ ወዲህ እያሸሸ መዋል የለበትም። ስለዚህ ሸራውን ስንመርጥ ከዋጋው በፊት በዚህች ከተማ፣ በዚህ አየር፣ በእኛ ልጆች ትከሻ ላይ ምን ሊሠራልን እንደሚገባ ማሰብ አለብን።

በመጀመሪያ ስለ አሮጌው ሸራ። ኮሚቴው ሜዳ ላይ ዘርግቶ ሲመረምረው ቀዳዳዎቹ በየቦታው የተበተኑ አለመሆናቸውን አይቷል። ከሞላ ጎደል ሁሉም በአንድ መስመር፣ ጣሪያው አናት ላይ ባለው አግድም ቧንቧ ልክ የተደረደሩ ናቸው። በብየዳው ቦታ ላይ ጣት ቢያሳልፉ የሚቧጥጥ፣ ሳይሞረድ የቀረ ጉጥ አለ፤ ነፋስ ሸራውን ባወዛወዘው ቁጥር ያ ጉጥ ጨርቁን ሲፍቀው ኖሯል። እንግዲህ ብረቱን ሳንሞርድ አዲስ ሸራ ብናለብሰው፣ አዲሱም በዚያው መስመር መቀደዱ አይቀርም። ጉጦቹ ተሞርደው ቧንቧው ዝገት መከላከያ ቀለም እንዲቀባ፣ ሸራውም በዚያ መስመር ላይ ድርብ ጨርቅ እንዲኖረው የጠየቅነው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ጨርቁ ዓይነት ስመጣ፣ ከአባላት ሁለት ሐሳብ ቀርቦልን ነበር። አንዳንድ አባቶች የጥጥ ሸራ ይሁን ብለዋል፤ ሐሳባቸው በቂ ምክንያት አለው። የጥጥ ሸራ አየር ያስገባል፤ ክሩ ሲረጥብ ስለሚያብጥ በክሮቹ መካከል ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ራሱ ይደፍናል፤ ሲቀደድም ማንም መርፌ የያዘ ሰው ይጠግነዋል። ጉዳቱ ግን ውኃ ሲጠጣ ክብደቱ እጥፍ ሊደርስ መቻሉ ነው። ከዚህም ይልቅ የሚያሳስበው ሳይደርቅ ከታጠፈ በጥቂት ቀናት ውስጥ መሻገቱ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍን፣ ይህን የሚያህል ጨርቅ የት ይደርቃል? ሐዘንም ሸራው እስኪደርቅ አይጠብቅም።

ሌሎች ደግሞ ርካሹ የፕላስቲክ ሸራ ይበቃል ብለዋል። እርሱ ቀላል ነው፣ ውኃም አያሳልፍም፤ ለአንድ ጊዜ ችግር ጥሩ መሸፈኛ ነው። ነገር ግን ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ከተማችን ብርዳም ናት ብለን ፀሐዩን ልንንቀው አይገባም። ለጨረር መከላከያ ያልተጨመረበት ፕላስቲክ በዚህ ፀሐይ ሲቆይ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ በኋላም በእጅ ሲታሽ ይፈረፈራል። በየጊዜው እየገዛን የምንጥለው ከሆነ ርካሽነቱ የት ላይ ነው?

ፒቪሲ የተቀባው ፖሊስተር ከውስጥ ጠንካራ የተሸመነ ክር፣ በሁለቱም በኩል ውኃ የማያስገባ ሽፋን አለው። የጨርቁ መጋጠሚያዎች በክር ብቻ ከመሰፋት ይልቅ በሙቅ አየር ስለሚጣበቁ፣ ውኃ የሚገባበት የመርፌ ቀዳዳ አይኖርም። ቢቀደድ በራሱ ጨርቅና ማጣበቂያ ይለጠፋል፤ ቢቆሽሽ በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ውኃ ይታጠባል። በረኪና ግን እንዳይነካው አደራ እላለሁ። ቀለሙ ነጭ እንዲሆን የመረጥነው ቀን ቀን ብርሃን እንዲያስገባ ነው፤ ለቅሶ ቤት በራሱ የጨለመ ነው፣ ጣሪያው ሊያጨልምበት አይገባም።

የዚህ ጨርቅ ዋናው ጉዳት ክብደቱ ነው፤ ይህንንም ልደብቃችሁ አልፈልግም። 6 በ12 ሜትር ለሆነው ድንኳናችን ጣሪያው ብቻ 77 ካሬ ሜትር ያህል ጨርቅ ይፈጃል። በካሬ ሜትር 650 ግራም የሚመዝነውን ብንወስድ ጣሪያው 50 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። ሜዳ ላይ ላለች ከተማ ይህ ብዙም አያሳስብም፤ የእኛ ሰፈር ግን ዳገት ነው። መኪና የማይገባበት፣ በደረጃና በቀጭን መተላለፊያ ብቻ የሚደረስ ስንት ቤት እንዳለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እነዚያን ቤቶች የሚያገለግሉት ወጣቶቻችን ናቸው፤ ብዙ ጊዜም በሌሊት፣ በጭቃ። ጣሪያው በሦስት ሲከፈል እያንዳንዱ ቁራጭ ከ20 ኪሎ አይበልጥም፤ አንድ ሰው ተሸክሞት ይወጣል። ቁራጮቹ በገመድ ይያያዛሉ፣ የአንዱም ጠርዝ በሌላው ላይ ሰፋ ብሎ ይደረባል፤ መደረቢያው ነፋስ ከሚመጣበት በተቃራኒ በኩል እስከተከፈተ ድረስ ውኃ አያስገባም። ሌላም ጥቅም አለው። ግቢው ለጠበበ ቤተሰብ ሁለቱን ቁራጭ ብቻ መትከል ይቻላል፤ አንዱ ቢጎዳም ሙሉውን መለወጥ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ጣሪያው ተዳፋት ልለፍ፤ ይህን ጉዳይ ልባችሁ እንዲይዘው እለምናለሁ። ዛሬ ድንኳናችን መሐሉ ከጠርዙ በ50 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ውኃው ከመውረድ ይልቅ ጨርቁን አርግቦ ይተኛል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውኃ ነው። 20 ሚሊ ሜትር የሚሆን የክረምት ዝናብ በዚህ ድንኳን ላይ ቢወርድ ከ1,400 ሊትር በላይ ውኃ ያርፍበታል። ሩቡ እንኳ ጣሪያው ላይ ቢቀር ከሰዎች ራስ በላይ 360 ኪሎ ያህል ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ይህን ምንም ዓይነት ጨርቅ አይችለውም፤ ውድም ይሁን ርካሽ። በመሆኑም የመሐል ቋሚዎቹ በ60 ሳንቲ ሜትር እንዲረዝሙ ጠይቀናል። ቋሚው ሲረዝም ወደ ጠርዝ የሚወርደው ብረትም በእያንዳንዱ ጎን በ15 ሳንቲ ሜትር ያህል መርዘም አለበት። ከዚህ የተነሳ ሸራው መለካት ያለበት የብየዳው ሥራ አልቆ ብረቱ ከቆመ በኋላ ነው። ከአሮጌው ሸራ ላይ ልኬት መውሰድ ፈጽሞ አይገባም፤ የተለጠጠና የተጎተተ ጨርቅ ልኩን አይናገርም።

ፒቪሲ አየር ስለማያሳልፍ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ ይከተለዋል። ከተማችን ሌሊት ትበርዳለች፤ ለሚያድሩ ሰዎች የከሰል ማንደጃ ወደ ድንኳን ማስገባት የለመድነው ነገር ነው። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ተኝተው ያሉ ሰዎችን ይገድላል። በሁለቱም ጫፍ ከጣሪያው ሥር በመረብ የተሸፈነ፣ ሊዘጋ የማይችል የአየር መውጫ እንዲኖር አዝዘናል። ይህ መውጫ መኖሩ ግን ከሰል ማስገባትን አይፈቅድም። ማንደጃው ውጭ ይቅር፣ ለሚያድሩት ብርድ ልብስ ይጨመር። እናቶቼ፣ ይህን በእናንተ ላይ እጥላለሁ፤ በለቅሶ ቤት ቃላችሁ ይሰማልና።

ስለ ገመዱ ብዙ አልልም። ናይለን ሲረጥብ ስለሚለጠጥ የፖሊስተር ገመድ ይሻላል። ካስማ በማይገባበት አስፋልት ላይ ድንኳን ስንተክል በየቋሚው ሥር ውኃ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይታሰራል፤ አንዱ 20 ኪሎ ነው፣ በማዕዘኖቹ ላይ ሁለት ሁለት ይሁን።

አባላት ደጋግማችሁ የጠየቃችሁን፣ «ሻጩ 650 ግራም ነው ቢለን በምን እናውቃለን?» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከጨርቁ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ ወርቅ ቤት በሚዛን ይመዘናል፤ ያ ቁራጭ የካሬ ሜትር መቶኛ ስለሆነ 6.5 ግራም ከመዘነ ጨርቁ እንደ ተባለው ነው፤ 4.5 ከመዘነ ግን 450 ግራም ጨርቅ ነው የተሰጠን። ሌላ ቁራጭ ደግሞ ውጭ፣ ሜዳ ላይ በክብሪት ይለኮሳል፤ ክብሪቱ ሲርቅለት በራሱ መጥፋት አለበት፤ እየነደደ የሚቀጥል ከሆነ አንገዛውም። ሥራው ሲያልቅም ድንኳኑ ተተክሎ በየመጋጠሚያው ላይ በጎማ ውኃ ይለቀቅበታል፤ ያንጠባጠበ ቦታ ካለ እስኪስተካከል ድረስ የመጨረሻው ክፍያ አይፈጸምም። ይህ ሁሉ በውሉ ላይ በጽሑፍ ይሰፍራል፤ ሥራው እዚህም ይሰጥ ኮምቦልቻ፣ ውሉ አንድ ነው።

የክረምቱ ዝናብ በሰኔ መጨረሻ ስለሚበረታ ብየዳው በዚህ ወር መጀመር ይኖርበታል። የሦስቱም ጨርቅ ናሙና ከፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ የጥጡ ከውኃ ውስጥ አሁን የወጣ ስለሆነ ከደረቁ ጋር በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ አመዛዝኑ። ናሙናዎቹን አይታችሁ ስትመለሱ ለጥያቄዎቻችሁ እዚሁ እገኛለሁ፤ ከዚያም ሰብሳቢያችን የድምፅ አሰጣጡን ይመራሉ።