ወድቃ ያገኛችኋት ጫጩት እናት አላት?

[ምስል፦ ሱሉልታ፤ ከአጥር ሥር ያበበ እሬት]

ሰላም! ከአዲስ አበባ ወጣ ብለን ሱሉልታ ነን። እሬት ሲያብብ እነዚህ ምንቃራቸው ቆልመም ያለ ትንንሽ ወፎች ከአጥሩ አይጠፉም። ቲክቶክ ያየ ሁሉ «ሃሚንግበርድ!» ይላል። አይደለም። ሃሚንግበርድ በዱር የሚኖረው በአሜሪካ አህጉራት ብቻ ነው። የኛዎቹ ሰንበርድ ይባላሉ፤ ዝምድናም የላቸውም። ሁለቱም የአበባ ማር ስለሚጠጡ ነው የሚያምታቱት።

ታዲያ ሃሚንግበርድ ምን አገባን? እዚያ ጫጩቶቹን የሚያሳድጉ የማገገሚያ ማዕከላት አሉ። ከእነሱ የምንማረው ነገር አለ።

[ምስል፦ የሃሚንግበርድ ጎጆ]

የሃሚንግበርድ እናት ብቻዋን ነው የምታሳድገው። አብዛኛውን ጊዜ 2 እንቁላል ትጥላለች፤ ከቡና ፍሬ እምብዛም አይበልጡም። ጎጆው በሸረሪት ድር ስለተሠራ ጫጩቶቹ ሲያድጉ እየተለጠጠ ይሰፋል። ላባ ሲያወጡ እናት ማቀፍ ትተዋለች። መጥታ በሰከንዶች አጉርሳቸው ትበራለች። ሰው ይህን ሳያይ «እናታቸው ሞታለች» ብሎ ያነሳቸዋል። ደግ አስቦ ነው፤ ግን ጫጩት ሰረቀ።

[ምስል፦ በቀጭን ቱቦ ሲመገቡ]

እውነት እናት የሌላቸው ከሆነስ? ያኔ ሥራው ይከብዳል። ጀንበር ከወጣች እስክትጠልቅ በየ30 ደቂቃው፣ አንዳንዴም ከዚያ ቶሎ ቶሎ ይመገባሉ። ላባ ያላወጡት ሙቀትም ይፈልጋሉ። ስኳር በውሃ ብቻ መስጠት ደግሞ ጉዳት ነው። እናትየው ከአበባ ማር ጋር ትንንሽ ነፍሳትና ሸረሪት ታጎርሳቸዋለች። ፕሮቲን ያጣች ጫጩት አጥንቷም ላባዋም ይበላሻል። ስለዚህ ማዕከላቱ ፕሮቲን ያለው ልዩ ምግብ ያዘጋጃሉ፤ የተፈጨ የፍራፍሬ ዝንብ የሚጨምሩም አሉ። ጠብታ ላባዋ ላይ ከፈሰሰ ወዲያው ይጠረጋል። ከደረቀ ላባው ይጣበቃል፣ መብረር ይቸግራታል።

[ምስል፦ ተንጠልጥሎ የሚታይ የሰንበርድ ጎጆ]

ወደ ግቢያችን እንመለስ። የሰንበርድ ጎጆ እንደ ከረጢት ይንጠለጠላል፤ በሩ በጎን ነው። የሰንበርድ ጫጩቶችም ነፍሳት ካልበሉ አያድጉም። ራቁቷን የሆነች ጫጩት ወድቃ ካገኛችሁ በቀስታ ወደ ጎጆዋ መልሷት። «ሰው ከነካት እናቷ አትቀበላትም» የሚባለው ወሬ ነው። ጎጆው ከወደቀ ቅርንጫፉ ላይ እሰሩት። ከዚያ ራቅ በሉና እናትየው ትመጣ እንደሆነ አንድ ሰዓት ያህል ተመልከቱ። ድመት ካለ ቤት ዝጉበት።

ላባ አውጥታ መሬት ላይ የምትዘል ከሆነ በረራ እየተለማመደች ነው። ተዉአት።

ከቆሰለች ግን፣ ወይም እናትየው ሞታ ካያችሁ፣ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ውስጥ ለስላሳ ጨርቅ አንጥፋችሁ፣ ሞቅና ጨለም አድርጋችሁ አስቀምጧት። ወተት፣ ዳቦ፣ ማር አትስጧት። ውሃም አፏ ውስጥ አታንጠባጥቡ፤ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ሳትዘገዩ ወደ እንስሳት ሐኪም ደውሉ።