ብርድ ነው ስለምንለው ቁርጥማት

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የጤና ባለሙያ ባልደረቦቼ፤

ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተቆረቆረችው ደብረ ብርሃን የሚኖር ሰው ጉልበቱን ወይም ወገቡን ሲያመው አስቀድሞ የሚከሰው ብርዱን ነው። የሰሜን ሸዋን ውርጭ የሚያውቅ ሰው ይህን ክስ ሙሉ በሙሉ ውድቅ ሊያደርገው አይችልም። ዛሬ የምናገርበት ቁርጥማት ግን ሶሪያቲክ አርትራይተስ የሚባለው፣ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በገዛ ቆዳውና በገዛ መገጣጠሚያው ላይ ሲነሣ የሚመጣ ሕመም ነው።

ሕመሙ ብዙ ጊዜ ሶሪያሲስ የሚባለውን የቆዳ በሽታ ተከትሎ፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ይመጣል። ሶሪያሲስ ካለባቸው ሰዎች እስከ 30 በመቶ የሚደርሱት መገጣጠሚያቸውም ሊታመም ይችላል። መጻሕፍት ቀይ ነው የሚሉት ቁስል በእኛ ቆዳ ላይ ጠቆር ብሎ ወይም ወይን ጠጅ መስሎ፣ ግራጫ ቅርፊት ለብሶ ስለሚታይ፣ ጭርት ነው ተብሎ ለዓመታት የጭርት ቅባት የሚቀባ ሰው አለ።

ከሌላው የታወቀ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ሴቶችን አብዝቶ ከሚያጠቃው ሩማቶይድ አርትራይተስ በተለየ፣ ይህ ሕመም ወንዱንም ሴቷንም በተቀራራቢ ቁጥር ይይዛል። አያያዙ ግን ይለያያል። በወንዶች ላይ አከርካሪን የመያዝ፣ ቆዳን በስፋት የመሸፈንና በራጅ የሚታይ የአጥንት ጉዳት የማድረስ ዝንባሌው ያይላል። በእርሻ የደከመ ወገብ ዕረፍት ሲያገኝ ይሻለዋል፤ በዚህ ሕመም የተያዘ ወገብ ግን ሌሊትና ማለዳ ደርቆ ያድርና ሰውየው መንቀሳቀስ ሲጀምር ይፍታታል። «ሞፈር የሰበረኝ ነው» የሚለን ገበሬ ማለዳውን እንዴት እንደሚያሳልፍ ሳንጠይቀው መሸኘት የለበትም።

የሴቷ ነገር የበለጠ ያሳስበኛል። በሴቶች ላይ ሕመሙ የእጅና የእግር መገጣጠሚያዎችን በብዛት የመያዝ ዝንባሌ አለው፤ ሕመሙና ድካሙ ይበረታል፣ የዕለት ሥራን የማከናወን አቅም ይቀንሳል፣ በመድኃኒትም ሕመሙ ሙሉ በሙሉ ጸጥ የሚልላቸው ከወንዶቹ ያነሱ ናቸው። በመንዝ ሱፍ የምትፈትል፣ እንጀራ የምትጋግር፣ ውኃ የምትቀዳ ሴት ጣቶቿ ሲያብጡ የምታጣው መተዳደሪያዋን ነው። ይሁንና ራጇ ከወንዱ ራጅ ይልቅ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ለሩማቶይድ የሚደረገው የደም ምርመራም በዚህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ነጻ ይወጣል። ወረቀቱን ብቻ አይተን «ምንም የለብሽም» ስንላት፣ የተሳሳትነው እኛ ነን እንጂ ጣቷ አይደለም።

እርግዝናም የራሱ ድርሻ አለው። ብዙዎች በእርግዝና ወቅት ሕመሙ ቀለል ይልላቸውና ከወሊድ በኋላ ተመልሶ ይነሣባቸዋል። ይህን ጊዜ አራሷም፣ አራስ ጠያቂዋም «የአራስ ቤት ብርድ ነው» ይላሉ፤ ብርድ እንደገና ተከሰሰ ማለት ነው። በመድኃኒቱም በኩል ጥንቃቄ ያሻል፤ በስፋት የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴት ፅንስን ስለሚጎዳ ለእርጉዝ ሴት አይሰጥም፣ ለመውለድ የምታስብም ከማርገዟ በፊት ከሐኪሟ ጋር መክራ ልታቆመው ይገባል። የሚወሰደውም በሳምንት አንድ ቀን እንጂ በየዕለቱ አለመሆኑን ለወንዱም ለሴቷም ደጋግመን እንንገር፤ ስሕተቱ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ባልደረቦቼ፣ የምጠይቃችሁ ውድ መሣሪያ የሚፈልግ ነገር አይደለም። ቁርጥማት ብሎ የመጣ ሰው ሲያጋጥማችሁ ጥፍሩን ተመልከቱ፤ በመርፌ የተወጋ የመሰለ ጎድጓዳ ነጥብ ካለበት ጠርጥሩ። አንድ ጣት ከሥሩ እስከ ጫፉ አብጦ እንደሆነ፣ ተረከዙም ጅማቱ ከአጥንቱ በሚያያዝበት ቦታ ያመው እንደሆነ ፈትሹ። ወንዱን ስለ ማለዳ ወገቡ ጠይቁት፤ እናትን ደግሞ፣ በፈቃዷ፣ ሻሿን አውልቃ የራስ ቅሏን ቆዳ እንድታሳያችሁ ለምኗት፤ ቅርፊቱ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው እዚያ ነውና።

አመሰግናለሁ።