ቀጣዩ አውቶቡስ መቼ ነው?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ስለ መካከለኛ ከተሞች ትራንስፖርት ላወራችሁ ነው። በእግር ለመዳረስ የሰፉ፣ የምድር ውስጥ ባቡር ለመገንባት ግን ያነሱ ከተሞች ማለቴ ነው። እዚያ ሸክሙ ሁሉ የሚወድቀው አውቶቡስ ላይ ነው።

ስለ አውቶቡስ ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ግዢ ነው። ስንት አዲስ ገባ፣ ወንበሩ ይመቻል ወይ፣ ዋይፋይ አለው ወይ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። አንዱ ቢያመልጠኝ ቀጣዩ መቼ ይመጣል? በየ10 ደቂቃው ከሆነ፣ ሰዓት ሳላይ ብወጣም በአማካይ 5 ደቂቃ ብጠብቅ ነው። በየሰዓቱ ከሆነ ግን ግማሽ ሰዓት። መሃል ላይ መስመር መቀየር ካለማ ጥበቃው እጥፍ ይሆናል። የሐኪም ቀጠሮ ያለው ሰው ይህን እንዴት ይችለዋል? አቅም ያለው መኪና ይገዛል። ከዚያ ተሳፋሪ ቀነሰ ይባልና ምልልሱ ይቀነሳል። ምልልሱ ሲቀነስ የቀሩትም ይሸሻሉ። በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ተጎጂዎቹ ሌላ አማራጭ የሌላቸው ናቸው፤ በተለይ ከማታ ፈረቃ የሚወጡ ሠራተኞች።

ደግሞ ብዙ ጠብቀን ሁለት አውቶቡስ ተከታትሎ ሲመጣ ሾፌሮቹን እንወቅሳለን። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ትንሽ የዘገየውን አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ብዙ ሰው ተከማችቶ ይጠብቀዋል። ያን ሁሉ ሲጭን ይብስ ይዘገያል። የኋለኛው ጥቂት ሰው ብቻ እያነሳ ስለሚመጣ ይደርስበታል።

ይህን ማቃለል ይቻላል። የብራዚሏ ኩሪቲባ ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መንገድ የከፈተችው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። በ1991 ደግሞ ቱቦ የሚመስሉ ፌርማታዎች ሠራች። ተሳፋሪው ሂሳቡን አስቀድሞ ከፍሎ ይገባል። የፌርማታው ወለል ከአውቶቡሱ ወለል እኩል ስለሆነ ደረጃ መውጣት የለም። በር ላይ የሚባክነው ጊዜ ቀረ ማለት ነው።

ነፃ ይሁን የሚሉም አሉ። የፈረንሳይዋ ደንከርክ በ2018 እ.ኤ.አ. አውቶቡሷን ለሁሉም ነፃ አደረገች። ግን መስመሮቿንም አብራ እንደገና አደራጅታለች፤ ዋና ዋናዎቹ በየ10 ደቂቃው እንዲመላለሱ ሆነዋል። ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ነፃ ሆኖ በሰዓት አንዴ ብቻ ከሚመጣ አውቶቡስ ይልቅ፣ እየከፈልኩ ቶሎ ቶሎ የሚመጣውን እመርጣለሁ። መክፈል ለሚከብዳቸው ግን ቅናሹ ያለ ብዙ ወረቀትና ምልልስ ይሰጣቸው።