ከፍቼ ያየሁት ጊታር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ስለ ሁለቱ ጊታሮቼ ላጫውታችሁ ነው። አንዱ ታድሶ የዳነ ነው፣ ሌላው እዚሁ ጎንደር የተሠራ።

እኛ አገር ብዙ አዝማሪ ማሲንቆውን ራሱ ይሠራል። ቆዳውን ይወጥራል፣ የፈረስ ጭራውን ያስራል፣ ሲላላ ያጠብቃል። ድምፁ ሲበላሽ ምክንያቱን ያውቀዋል። ኤሌክትሪክ ጊታር የምንጫወት ሰዎች ግን ይሄን አልለመድንም። ዕቃው ከውጭ ይመጣል፣ ሲበላሽ ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል።

አሮጌው ጊታሬ በደርግ ዘመን ለኪነት ቡድን ያገለገለ ነው። እጄ ሲገባ ስሙ ከራሱ ላይ ተፍቋል፣ ፍሬቶቹ፣ አንገቱ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች፣ ተበልተዋል፣ ድምፅ የሚባል የለውም። ፒያሳ አካባቢ ሬዲዮ የሚጠግኑ አንድ ጋሼ ዘንድ ወሰድኩት። ጊታር ከፍተው አያውቁም ነበር። ፒክአፑን ሲያዩ ግን "ይሄማ የኔ ሥራ ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ፒክአፕ ማለት ማግኔት ዙሪያ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። የብረት ክሩ ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ያናውጠዋል፣ ሽቦው ውስጥም ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። አምፕሊፋየሩ የሚያጎላው እሱን ነው። የኔው ሽቦ ጫፉ ላይ ተበጥሶ ኖሯል። ጋሼ በማጉያ መነጽር ፈልገው በየዱት። ድምፁ ሲወጣ ሁለታችንም ጮኽን!

ያረጀ ጊታር የፋብሪካ ዕቃው ባይነካ ይሻላል የሚሉ ሰብሳቢዎች አሉ። ለሚሸጥ ጊታር ልክ ናቸው። እኔ ግን ልጫወትበት ነው የምፈልገው። ስለዚህ ፍሬቶቹን አስነቅዬ ከፍ ያሉ አስገባሁ። ፍሬት ኦክታቩን፣ ከአንድ ድምፅ እስከ ቀጣዩ ተመሳሳይ ቀጭን ድምፅ ያለውን፣ 12 እኩል የድምፅ እርከን አድርጎ ይከፍለዋል። የአዝማሪ ድምፅ ደግሞ በነዚያ እርከኖች መሃል ይመላለሳል። አንቺ ሆዬን ስጫወት ክሩን ጎተት ካላደረግሁት ጣዕሙ አይመጣልኝም። ፍሬቱ ከፍ ሲል ጣት ክሩን በደንብ ይይዘዋል። የሮሃ ባንዱን ጊታሪስት ሰላም ስዩምን እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ጊታር በኛ ቅኝት ሲናገር ምን እንደሚመስል ጆሮዬ ያውቀዋል።

ሁለተኛውን የሠራው አንድ አናጢ ወዳጄ ነው። አካሉ ዋንዛ ነው፣ ያው ከበሮ የሚፈለፈልበት እንጨት። የጣት ሰሌዳው ወይራ ነው። የክር መቃኛዎቹንና አንገቱ ውስጥ የሚገባውን የብረት ዘንግ ከውጭ አስመጣን። የክሩን ርዝመት 628 ሚሊ ሜትር አደረግነው። ከታወቁት የአሜሪካ ጊታር ፋብሪካዎች የጊብሰን ጊታሮች ወደዚህ ይጠጋሉ፣ ፌንደሮች 648 ናቸው። አጠር ሲል ክሩ ይለዝባል፣ ለመጎተት ይመቻል።

ወዳጄን ያስደሰተው የፍሬቶቹ ሒሳብ ነው። 628ን ለ17.817 ታካፍላላችሁ፣ የመጀመሪያው ፍሬት ቦታ ይመጣል። የቀረውን ርዝመት እንደገና ለዚያው ቁጥር። እንዲያ እያላችሁ 12ኛው ላይ ስትደርሱ ልክ ግማሹ ላይ፣ 314 ላይ ታርፋላችሁ። ሲደርስ ሜትሩን ደጋግሞ ለካው፣ አላመነም። ግማሽ ሚሊ እንኳ ቢስት ጆሮ ያውቅበታል። በር ሲሠራ እንዲህ ተጨንቆ እንደማያውቅ ነገረኝ።

የዋንዛው ፒክአፕ ባለ ሁለት የሽቦ ጥቅል ነው። ባለ አንዱ፣ የአሮጌው ዓይነት፣ የመብራት ኃይሉን 50 ኸርዝ፣ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰውን፣ ይለቅምና ያጉረመርማል። የጊብሰኑ መሐንዲስ ሴት ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 መላ አበጀለት። ሁለት ጥቅል በተቃራኒ ሲጣመሩ ጉርምርምታው እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ የክሩ ድምፅ ይቀራል። ለጥምቀት ሰሞን፣ ከተማው ሞልቶ መድረኩ ሁሉ አምፖል ሲሆን፣ እሱን ነው የምይዘው።

በጋ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ጥር አካባቢ እንጨቱ ደርቆ ይኮማተራል፣ የፍሬቱ ጫፍ ወጣ ወጣ ይልና እጅ ይቧጭራል። አናጢው በሞረድ ያስተካክልልኛል፣ ክረምት ሲገባ አንገቱን እንደገና እናያለን። እንዲህ ስመላለስ ጊታሩን ይበልጥ ወደድኩት። የቱ ጋ እንደሚያመው አውቃለሁ።

አሁን አንድ አንቺ ሆዬ በዋንዛው ልጫወትላችሁ፣ ከዚያ ያንኑ በአሮጌው እደግመዋለሁ። የትኛው እንደሚሻል ጻፉልኝ። አናጢውና ጋሼ እስካሁን አልተስማሙም።