ብላክ ሜታል የሚሰማ ሀበሻ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ከጀርባ የምትሰሙት ዝናቡ ነው። ኖርዌይ፣ በርገን ነው፣ ምን ታደርጉታላችሁ።

እንደተለመደው ሰሞኑን ምን እየሰማሁ እንደሆነ ልንገራችሁ። አንደኛ ዜል ኤንድ አርዶር የሚባል ባንድ። ማኑኤል ጋኜ የሚባል ሰው ነው ያቋቋመው፤ ከስዊዘርላንዳዊ አባትና ከጥቁር አሜሪካዊት እናት የተወለደ። ድሮ ኢንተርኔት ላይ ሰዎች ሁለት የሙዚቃ ዓይነት እንዲሰጡት ይጠይቅና አዋህዶ ይሠራላቸው ነበር። አንዱ «ብላክ ሜታል» አለው፤ ጊታሩ የሚያቃጥል፣ ዘፋኙ የሚጮኽበት የሜታል ሙዚቃ ነው። ሌላው ደግሞ ጥቁሮች የሚሰደቡበትን ቃል ጠርቶ «የእነሱን ሙዚቃ» አለ። ነገር ፍለጋ ነው። እሱ እቴ! ቁጭ ብሎ ሠራው። የባሪያዎችን የእርሻ ላይ እንጉርጉሮ ከዚያ ከሚያቃጥል ጊታር ጋር አጋባው። መጀመሪያ ስሰማው ፀጉሬ ቆመ። ሁለተኛ ዱማ፣ ከናይሮቢ። የ2020 አልበማቸውን ጎረቤት ሳይሰማ መስማት አይቻልም። እናቴ በቪዲዮ ስንነጋገር ከኋላ ሰምታው «ልጄ፣ ማንን ነው የሚገርፉት?» አለችኝ።

እሺ። ወደ ዛሬው ጉዳይ ልግባ። አንድ አድማጭ «ቡርዙም ትሰማለህ ወይ? ሀበሻ ሆነህ?» ብሎ ጽፎልኛል። ቡርዙም አንድ ኖርዌያዊ ብቻውን የሚሠራበት የብላክ ሜታል ባንድ ነው። ጥያቄዋ አጭር ናት፤ መልሱ ግን አንድ ክፍል ሙሉ ወሰደብኝ።

እኔ ካለሁበት ትንሽ ራቅ ብሎ ፋንቶፍት የሚባል ሰፈር አለ። ከቀላል ባቡሩ ወርዳችሁ ዛፎቹ መሃል ስትገቡ ከእንጨት ብቻ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ታገኛላችሁ። ጣሪያው ላይ ጣሪያ ተደርቦበታል፤ ጫፉ ላይ የዘንዶ ራስ ወጥቷል። በቅጥራን ስለሚቀባ ፀሐይ ሲመታው ሽታው ከሩቅ ይቀበላችኋል። ዙሪያውን አጥር አለው። የመጀመሪያው በ1150 አካባቢ ፎርቱን በሚባል ቦታ የተሠራ ነው፤ በ1883 ወደዚህ አመጡት። ሰኔ 6 ቀን 1992 በፈረንጆቹ፣ ሰው አቃጠለው። አሁን የምታዩት በ1997 የተጠናቀቀው ምትኩ ነው። እኔ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይሳለም ከማይታለፍበት ቤት ነው የወጣሁት። አጥሩን ይዤ ቆሜ ሳለሁ እጄ ሳላዝዘው አማተበ።

የቡርዙም ሰው፣ ቫርግ ቪከርነስ፣ የዚያን ቃጠሎ ፍርስራሽ ፎቶ በ1993 የአጭር አልበም ሽፋን አደረገው። የመጀመሪያዎቹ ኮፒዎች ላይተር ተጨምሮባቸው ነው የተሸጡት። ልብ አድርጉ፣ ላይተር! እርግጥ ፍርድ ቤት በፋንቶፍት ጥፋተኛ አላለውም። በሌሎች ቤተ ክርስቲያናት ቃጠሎና ሜይሄም የሚባለው ባንድ ጊታሪስት የነበረውን ዩሮኒመስን በመግደሉ ግን በ1994 የ21 ዓመት እስር ተፈርዶበታል።

አሁን ችግሩ የት ጋ እንዳለ ልንገራችሁ። ሙዚቃው ያምራል። «ፊሎሶፌም» የሚለውን አልበሙን ስትሰሙ ጊታሩ በግድግዳ በኩል እንደሚሰማ የንብ ቀፎ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ካሉት ማይኮች መጥፎውን ስጡኝ ብሎ፣ ኢርፎን ላይ በተገጠመች ማይክ ነው የዘፈነው። ከዚያ ወዲህ በሌሊት ክፍሉ ውስጥ ብቻውን አልበም የሚቀዳ ልጅ ሁሉ የእሱ ዕዳ አለበት። የሜይሄም የ1994 አልበም ደግሞ ይባስ፦ ገዳዩ ቤዝ፣ ሟቹ ጊታር ይጫወታሉ። የሟች ወላጆች ቤዙ እንዲወጣ ጠይቀው ነበር፤ ድራመሩ ግን ተወው። አልበሙ ላይ ዛሬም አብረው አሉ።

«ሙዚቃውን ከሰውዬው ለይ» የሚለኝ አይጠፋም። እዚህ ያሉ ጓደኞቼ በተለይ ይወዱታል። ደግ ልጆች ናቸው፤ ቢራም ይጋብዙኛል። ግን አንድ ነገር ታዝቤያለሁ። መለየት የሚቀለው ስድቡ ላልደረሰበት ነው። ኮንሰርት ላይ አጠገቤ የቆመው ሰው የለበሰው ቲሸርት እኔን ሰው አይደለህም የሚል ባንድ ከሆነ፣ ጓደኛዬ ሙዚቃ ይሰማል፤ እኔ ደግሞ መውጫው በር በየት በኩል እንደሆነ አያለሁ። ትኬቱን ግን እኩል ነው የከፈልነው።

ስለዚህ የእኔ መለኪያ ሰውዬው ከዚያ በኋላ ምን አደረገ፣ ገንዘቤስ የት ይሄዳል የሚለው ነው። ዳርክስሮን የሚባለውን የኖርዌይ ባንድ ውሰዱ። በ1994 «ትራንሲልቫኒያን ሃንገር» አልበማቸው ጀርባ ላይ «የኖርዌይ አሪያን ብላክ ሜታል» ብለው ጻፉ። «አሪያን» ናዚዎች የበላይ ነው ለሚሉት ነጭ ዘር የሰጡት ስም ነው፤ ቆሻሻ ነው። ግን ጽሑፉ ከሽፋኑ ላይ ተነሣ፤ የባንዱ ድራመር ፌንሪዝም ኋላ ላይ መጸጸቱን ተናገረ። ፖስታ ቤት ለዓመታት የሠራ፣ ቤቱ ሸክላ የሞላ ሰው ነው። አንዴ ለሰፈሩ ምክር ቤት ተጠባባቂ ዕጩ አድርገውት ድመቱን ታቅፎ «እባካችሁ አትምረጡኝ» የሚል ፖስተር ለጠፈ። መረጡት። እሱን ያለ ሐሳብ እሰማዋለሁ። ቪከርነስ ግን ከእስር ወጥቶ ፈረንሳይ ገብቶ፣ በ2014 አይሁዶችና ሙስሊሞች ላይ ጥላቻ በመቀስቀስ ተፈረደበት። አርባ ዓመቱን አልፎ ነው ይሄ። የልጅነት ነው እንዳንለው ጢሙ ሸብቷል። ከእኔ አንድ ክሮነር አይገባውም። ኮምፒውተሬ ላይ ድሮ የነበረውን ፋይል አላጠፋሁትም፤ አንዳንዴ በክረምት እከፍተዋለሁ። ይሄው ነው መልሴ። የማይጥማችሁ ካላችሁ መብታችሁ ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ለእኛው ነው የምለው። ይህን ታሪክ ለአንድ ሀበሻ ጓደኛዬ ስነግረው ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስደርስ «እግዚኦ!» አለ። ከዚያ ኤምፐረር የሚባል የኖርዌይ ባንድ ድራመር በ1992 ሊልሃመር ውስጥ አንድ ግብረ ሰዶማዊ ሰው በስለት ወግቶ መግደሉን፣ 14 ዓመት ተፈርዶበት ወጥቶ መድረክ ላይ መመለሱን ነገርኩት። «እሱ እንኳ...» ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ። እንጨቱ አሳዘነው፤ ሰውዬው አላሳዘነውም። እኛ ሠርግ ላይ ሌላውን ብሔር ሸንቆጥ በሚያደርግ ዘፈን እስክስታ ስንወርድም እንደዚሁ ነው። ማን ቆሞ ግጥሙን ያዳምጣል? ምቱ ጥሩ ነዋ!

ፓንቴራ የሚባለው የአሜሪካ ሜታል ባንድ ላይ ግን እስካሁን አልቆረጠልኝም። በጥር 2016 ዘፋኙ ፊል አንሰልሞ ለባንዱ ሟች ጊታሪስት ለዳይምባግ ዳረል መታሰቢያ በተዘጋጀ ኮንሰርት ላይ እጁን የናዚ ሰላምታ አድርጎ ዘረጋና «የነጭ ኃይል» ብሎ ጮኸ። መጀመሪያ ስለ ነጭ ወይን መቀለዴ ነው አለ። ወይን! ጩኸቱ ሲበዛበት በቪዲዮ ይቅርታ ጠየቀ። በ2023 ሁለት የጀርመን ፌስቲቫሎች ባንዱን ከፕሮግራማቸው አስወጡ። የዳይምባግ ጊታር ግን ምን በደለ? ከ2004 ጀምሮ አፈር ውስጥ ነው ያለው ሰውዬ። የድሮ አልበሞቹን እሰማለሁ። ትኬት ለመግዛት ግን ካርዴን አውጥቼ መልሼ ከትቼዋለሁ።

እናንተስ? የት ላይ ነው የምታቆሙት? ድምፃችሁን ቀድታችሁ ላኩልኝ፤ ሳምንት አሰማዋለሁ። ረጅም አታድርጉት ብቻ፤ ባለፈው አንዱ የአሥራ አንድ ደቂቃ ልኮልኝ ግማሹ የድራም ልምምድ ነበር። በሉ፣ ደህና ሰንብቱ።